በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ፦ ለጀማሪ ተኳሽ የሚሆን ማብራሪያ

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ አምባ ሥር፣ እሮጌ ላይ፣ ሁለት ዓይነት ጠመንጃ ተፋጠጠ። ፊታውራሪ ገብርዬ እየመራቸው ከአምባው የወረዱት የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች የያዙት ጠመንጃ ባሩዱንም እርሳሱንም በአፈሙዙ ተቀብሎ፣ በዘንግ ተጠቅጥቆ የሚተኮስ ነበር። የእንግሊዝ እግረኞች ደግሞ ሰናድር ይዘዋል። ሰናድር ባለ ቀለህ ጥይት ከኋላ በኩል ይጎርሳል፤ የሠለጠነ ወታደር በደቂቃ እስከ 10 ጊዜ ይተኩስበታል። በአፈሙዝ የሚጎርሰውን ግን እጁ የፈጠነ ሰው በደቂቃ ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ ቢተኩሰው ነው። ያ ሰናድር ራሱ ከመሠረቱ አዲስ መሣሪያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1853 የወጣው፣ በአፈሙዝ የሚጎርሰው የኤንፊልድ ጠመንጃ ግርጌው ተቆርጦ መዝጊያ ሲገጠምለት ነው ሰናድር የሆነው።

አሮጌው ዓይነት ከጦር ሜዳ ቢሰናበትም አሜሪካ ውስጥ ዛሬም ሕያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የተመሠረተው ብሔራዊው የአፈሙዝ ጎራሽ ጠመንጃ ማኅበር በኢንዲያና ግዛት፣ ፍሬንድሺፕ በምትባል ትንሽ መንደር፣ የራሱ የተኩስ ሜዳ አለው፤ በየዓመቱም አገር አቀፍ ውድድር ያካሂዳል። ብዙ ግዛቶች ለዚህ ጠመንጃ ብቻ የተለየ የአጋዘን አደን ወቅት ይሰጣሉ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ሚኒሶታ ወይም ኮሎራዶ የሚኖር አንባቢ የሥራ ባልደረባው ወይም ጎረቤቱ አንድ ቀን «ና እንተኩስ» ቢለው አይገርምም። ይህ ጽሑፍ በዚያ ግብዣ ፊት ለቆመ ሰው የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ ዋናውን ነገር እንያዝ። በዘመናዊ ጠመንጃ ባሩዱ፣ እርሳሱና ማቀጣጠያው በአንድ ቀለህ ታሽገው ከፋብሪካ ይመጣሉ። መጠኑን የለካው መሐንዲስ ነው፤ ተኳሹ ያጎርሳል፣ ያነጣጥራል፣ ይተኩሳል። በአፈሙዝ በሚጎርሰው ግን ቀለህ የለም። ባሩዱን የሚሰፍረው፣ እርሳሱን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚያወርደው፣ ማቀጣጠያውን የሚያስቀምጠው ተኳሹ ራሱ ነው። እያንዳንዱ ጥይት እዚያው ቧንቧው ውስጥ በእጅ ይሠራል። አንድ ነገር ከተዘነጋ ወይም ሁለት ጊዜ ከተደረገ የሚያርም ሌላ ሰው የለም። በእኔ እምነት የዚህ ስፖርት ውበቱም አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጀማሪው ከማነጣጠር በፊት ቅደም ተከተል ይማራል።

የትኛውን ጠመንጃ ልያዝ ለሚለው ጥያቄ በገበያ ላይ ሦስት ዓይነት መልስ አለ። የመጀመሪያው ባለ ባልጩቱ ነው። መዶሻው የነከሰው ባልጩት ብረት ሲመታ ፍንጣሪ ያወጣል፤ ፍንጣሪው በጎን ባለችው ሰፌድ መሰል ጎድጓዳ ብረት ላይ የተነሰነሰውን ደቃቅ ባሩድ ያቀጣጥላል፤ እሳቱ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ዋናውን ባሩድ ይለኩሳል። ምላጩ ከተሳበበት ቅጽበት እስከ ተኩሱ ድረስ ለጆሮ የሚታወቅ መዘግየት ሊኖር ይችላል፤ በዚያች ቅጽበት ዓይኑን የሚጨፍንና ትከሻውን የሚያነሣ ሰው ዒላማውን ይስታል። ሁለተኛው ባለ ካፑ ነው። ስኮትላንዳዊው ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት እ.ኤ.አ. በ1807 በምት በሚነድ ኬሚካል ማቀጣጠልን በስሙ አስመዘገበ፤ ከዚያ አሠራር የተወለደችው ካፕ የምትባል ትንሽ የመዳብ ቆብ ናት። ቆቧ ቀዳዳ ባላት ጫፍ ላይ ትደረጋለች፣ መዶሻው ሲመታት ትነዳለች፣ እሳቷም ወደ ባሩዱ ይገባል። ሦስተኛው ኢንላይን የሚሉት ነው፤ አሜሪካዊው ቶኒ ናይት እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ሞዴል ከተስፋፋ ወዲህ የአደን ገበያውን ይዞታል። ማቀጣጠያው ከባሩዱ በስተጀርባ በቀጥታ መስመር ይቀመጣል፤ ቅርጹ ዘመናዊ ጠመንጃ ይመስላል፤ መነጽርም ይገጠምለታል።

ለመማር ከመጣችሁ እኔ የምመርጥላችሁ ባለ ካፑን፣ 50 ካሊበር የሆነውን (የቧንቧው ውስጠኛ ስፋት ግማሽ ኢንች ማለት ነው)፣ ክብ እርሳስ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚተኮስበትን ነው። ባለ ባልጩቱ ብዙ የሚያስተምር ቢሆንም የባልጩቱን ስለትና የቀዳዳውን ንጽሕና የሚያሳይ መምህር አጠገባችሁ ከሌለ ቶሎ ተስፋ ያስቆርጣል። ኢንላይኑ ለአደን የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ሥራውን ስለሚያቀልል ተማሪው ለምን እንደሚሠራ ሳይገባው ይተኩሳል። 50 ካሊበር የምለው ደግሞ እርሳሱም፣ ጨርቁም፣ ዘንጉም በየሱቁ በቀላሉ ስለሚገኝለት ነው። ሲገዙ የቧንቧው ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ይጠይቁ፦ ክብ እርሳስ ቀርፋፋ ጠመዝማዛ ይወዳል፤ በ48 ኢንች ወይም ከዚያም በበለጠ ርቀት አንድ ዙር የሚዞረውን ማለት ነው። በ28 ኢንች አንድ ዙር የሚዞረው ለረጃጅም ጥይት የተሠራ ነው።

ከአያት የተወረሰ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጠመንጃ ለዚህ ትምህርት አይሆንም። ብረቱ ከውስጥ ተበልቶ ይሆናል። ከዚያም በላይ፣ ከ100 ዓመት በፊት እንደ ጎረሰ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል፤ ጥቁር ባሩድ እርጥበት ካልነካው አቅሙን አያጣም። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ቤት ውስጥ ካለ ባለሙያ እስኪያየው ድረስ እንደ ጎረሰ ይቆጠር።

አሁን ወደ ባሩዱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ዝግ ብሎ ማንበብ ይገባል። ጥቁር ባሩድ የፖታሲየም ናይትሬት፣ የከሰልና የድኝ ድብልቅ ነው። ዛሬ በባለ ቀለህ ጥይት ውስጥ ያለው ጭስ አልባ ባሩድ ግን ከናይትሮሴሉሎስ የሚሠራ ሌላ ነገር ነው። ጭስ አልባው በታፈነ ቁጥር አነዳደዱ እየፈጠነ፣ ግፊቱም እያሻቀበ ይሄዳል፤ በአፈሙዝ ለሚጎርስ ጠመንጃ የተሠራ ቧንቧ ያን ግፊት አይችልም። በዚህ ስህተት ቧንቧ ፈንድቶ ጣት የተቆረጠበትና ዓይን የጠፋበት ሰው አለ። ለጭስ አልባ ባሩድ ተብለው የተሠሩ ጥቂት ልዩ ጠመንጃዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ጀማሪን ግን አይመለከቱም። ሕጉ አጭር ነው፦ ጭስ አልባ ባሩድ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ተደባልቆም ቢሆን፣ አይገባም። ባሩድን ከመጣበት ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጦ ማስቀመጥ የማይገባውም ለዚሁ ነው፤ ሁለት ጥቁር ዱቄት ሲያዩት ይመሳሰላል።

የጥቁር ባሩድ ፍሬ መጠኑ በኤፍ ፊደል ብዛት ይታወቃል፤ ኤፉ በበዛ ቁጥር ፍሬው ይደቃል፣ በፍጥነትም ይነዳል። ለ50 ካሊበርና ከዚያ በላይ ሁለት ኤፍ፣ ለ45ና ከዚያ በታች ሦስት ኤፍ የተለመደ ነው። አራት ኤፍ ለባለ ባልጩቱ ማቀጣጠያ ብቻ ነው። ጥቁር ባሩድ በሕግ ፈንጂ ተብሎ ስለሚመደብ ብዙ ሱቆች አይዙትም፤ በምትኩ ፓይሮዴክስና ትሪፕል ሰቨን የሚባሉ ተተኪዎች ይሸጣሉ። እነዚህ ለመቀጣጠል የበለጠ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ በካፕና በኢንላይን ደህና ሲሠሩ በባልጩት ፍንጣሪ ግን ያስቸግራሉ። ትሪፕል ሰቨን ጉልበቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ከጥቁር ባሩድ ጋር እኩል እንዲሆን አምራቹ ስፍሩን በ15 በመቶ ቀንሱ ይላል።

ባሩድ የሚሰፈርበት መለኪያ ግሬን ነው። አንድ ግሬን 0.065 ግራም ገደማ ይመዝናል። ነገር ግን በአፈሙዝ ጎራሽ ጠመንጃ ባሩድ በሚዛን አይመዘንም፤ በመስፈሪያ ይሰፈራል። ተተኪዎቹ ከጥቁር ባሩድ ስለሚቀሉ በስፍር 50 የሆነው ፓይሮዴክስ ሚዛን ላይ ከ50 ያንሳል። «50 ግሬን» ተብሎ የታዘዘን ተተኪ በሚዛን የሚመዝን ሰው ሳያውቀው ከታዘዘው በላይ ያጎርሳል። ለ50 ካሊበርና ለክብ እርሳስ ለወረቀት ዒላማ ብዙዎች የሚጀምሩት በ50 ግሬን ሁለት ኤፍ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን የጠመንጃው አምራች የጻፈው መመሪያ ነው። መመሪያው ከጠፋ ጠመንጃው ከመተኮሱ በፊት መመሪያው ይፈለግ።

አጎራረሱ እንዲህ ነው። ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል። ዘንጉ በአፈሙዙ ገብቶ እስከ ግርጌ ሲወርድ የብረት ድምፅ ይሰጣል፤ ከአፈሙዙ ጋር እኩል በሆነበት ቦታ ላይ ዘንጉ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ይህ «ባዶ» የሚለው ምልክት ነው። ቀጥሎ ቧንቧው ውስጥ የቀረ ዘይት በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ አፈሙዙ ወደ ዒላማው አቅጣጫ፣ ወደ ሣር ተደርጎ፣ ባሩድ ሳይጎርስ፣ ካፕ ብቻ ይተኮሳል። ሣሩ ከተንቀሳቀሰ የእሳቱ መንገድ ክፍት ነው ማለት ነው።

ከዚያ ባሩዱ ከሚያዝበት ቀንድ ወይም ዕቃ ወደ መስፈሪያው፣ ከመስፈሪያው ወደ አፈሙዙ ይፈሳል። ከቀንዱ በቀጥታ ወደ ቧንቧው ማፍሰስ ፈጽሞ አይፈቀድም። ከቀደመው ተኩስ የቀረች ፍም ግርጌው ላይ ብትኖር የምትለኩሰው መስፈሪያው ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን እጅ ውስጥ ያለውን ቀንድ በሙሉ ይሆናል። መስፈሪያ ግን ቢነድ የአንድ ጥይት ባሩድ ነው። ቀንዱ እንደተሰፈረለት ተከድኖ ከአጠገብ ይርቃል።

ቀጥሎ ጨርቁ። ለ50 ካሊበር የሚሆነው ክብ እርሳስ ስፋቱ 0.490 ኢንች ነው፤ ከቧንቧው በጥቂት ያንሳል፤ ክፍተቱን የሚሞላው ጨርቁ ነው። ጨርቁ ንጹሕ ጥጥ ይሁን፤ ናይሎን ያለበት ይቀልጣል። በሰምና በሞራ ድብልቅ ወይም በወይራ ዘይት ይለሰልሳል። የሞተር ዘይትና የመሳሰለው የማዕድን ዘይት ከባሩዱ ጥላሸት ጋር ተገናኝቶ እንደ ሬንጅ ስለሚጠነክር አይመከርም። ጨርቁ አፈሙዙ ላይ ተነጥፎ እርሳሱ በላዩ ይቀመጣል፤ በአጭር መግፊያ ጥቂት ይወርድና በረጅሙ ዘንግ ይቀጥላል። ዘንጉን ከላይ ጫፉ ይዞ በሙሉ ክብደት መጫን አደገኛ ነው፤ እንጨት ከሆነ ይሰበርና ስንጥሩ መዳፍን ይበሳል። ከአፈሙዙ አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ብሎ እየያዙ፣ በአጭር በአጭሩ መግፋት ነው። ፊትና ደረት ከአፈሙዙ ትይዩ አይሁኑ።

እርሳሱ ባሩዱ ላይ በደንብ ማረፍ አለበት። ብዙ ጀማሪ ቧንቧው በጥላሸት ጠቦ እርሳሱ መሀል ላይ ሲያዝበት «ይበቃል» ብሎ ይተወዋል። ይህ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። በባሩዱና በእርሳሱ መካከል ክፍተት ሲኖር ባሩዱ ነዶ የሚፈጥረው ግፊት የቆመውን እርሳስ ይመታና ቧንቧውን ያሳብጣል፤ ይሰነጥቀዋልም። እርሳሱ ሲያርፍ ዘንጉ ላይ ሁለተኛ ምልክት ይደረጋል፤ «ጎርሷል» የሚለው። ከዚያ በኋላ በተመሳሳይ ስፍር በተጎረሰ ቁጥር ዘንጉ እዚያው ምልክት ላይ መቆም አለበት። ከምልክቱ ከፍ ካለ ወይ እርሳሱ አላረፈም፣ ወይ ሁለት ጊዜ ጎርሷል።

ሁለት ጊዜ ማጉረስ የጀማሪ ስህተት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1863 ከጌቲስበርግ ጦርነት በኋላ ከሜዳው ከተሰበሰቡት ከ27 ሺህ በላይ ጠመንጃዎች 24 ሺህ ያህሉ እንደ ጎረሱ ተገኙ፤ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ሁለት ጊዜ የጎረሱ፣ ሺዎች ደግሞ ከሁለት በላይ የጎረሱ ነበሩ። ወታደሮቹ በጫጫታውና በድንጋጤው መካከል ጠመንጃቸው አለመተኮሱን እንኳ አላወቁም። የተኩስ ሜዳ ላይ ድንጋጤ የለም፤ ወሬ ግን አለ። ስለዚህ የሚያጎርስ ሰው አያወራም፣ አጠገቡ ያለም አያናግረው። ወሬ መሀል የገባ እንደሆነ ምን ላይ እንደደረሱ በግምት አይቀጥሉ፤ ዘንጉን አስገብተው ምልክቱን ይዩ።

ካፑ የሚደረገው ከሁሉ መጨረሻ ነው፤ እሱም በተኩስ መስመሩ ላይ ቆመው፣ አፈሙዙ ወደ ዒላማው ዞሮ፣ ዘንጉ ከቧንቧው ወጥቶ። ዘንግ ውስጡ ረስቶ የሚተኩስ ሰው በየሜዳው አይጠፋም፤ ዘንጉ ከወጣ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ በዓይን በሚታይበት ማኖር ይለመድ። የዓይንና የጆሮ መከላከያ ግዴታ ነው። በጎን የሚወጣው እሳት የጎረቤትን ፊት እንዳይነካ፣ በተለይ በባለ ባልጩቱ፣ በቀኝ በኩል ያለው ሰው ራቅ ይበል።

ምላጩ ተስቦ ካልተተኮሰስ? ጠመንጃው እንደተደገነ፣ ወደ ዒላማው እንደዞረ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆያል። ባሩዱ ውስጥ ለውስጥ ሲጨስ ቆይቶ ዘግይቶ ሊተኮስ ይችላልና አፈሙዙን ማየት ወይም ጠመንጃውን ማዞር አይቻልም። ከዚያ አዲስ ካፕ ይደረጋል። እንደገና ካልሆነ የካፑ ማስቀመጫ ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ይጠረጋል። ባሩድ ተረስቶ እርሳስ ብቻ ወርዶ ከሆነ ደግሞ በካፑ ማስቀመጫ በኩል ጥቂት ባሩድ አስገብቶ፣ እርሳሱን ባሩዱ ላይ እንደገና አስቀምጦ በመተኮስ ይወጣል፤ ይህን የመጀመሪያ ጊዜ የሚያደርግ ሰው ልምድ ያለው ሰው አጠገቡ ይኑር።

ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ጋዝ አይሆንም፤ ጭስና ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። ያ ጥላሸት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ብረትም ይበላል። ለዚህ ነው በየተኩሱ መካከል በረጠበ ጨርቅ አንዴ መጥረግ እርሳሱን ለማውረድ የሚያቀልለው፣ ጥይቶቹንም ዒላማው ላይ የሚያሰበስበው። ለዚህም ነው ጠመንጃው በዚያው ቀን የሚታጠበው። ሙቅ ውሃና ተራ ሳሙና በቂ ነው፤ የብዙዎቹ ቧንቧ ከእንጨቱ ይወልቃል፤ ግርጌው ባልዲ ውስጥ ተደርጎ በዘንጉ ጫፍ ባለ ጨርቅ ውሃው ወደ ላይና ወደ ታች ይሳባል። ሙቁ ውሃ ብረቱን ስለሚያሞቀው ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል፣ በስሱ ዘይት ይቀባል። በማግስቱ አንድ ንጹሕ ጨርቅ አውርዶ ቡናማ ነገር መያዙን ማየት ጥሩ ልማድ ነው። ፓይሮዴክስም እንደዚሁ ያዝጋል፤ «ተተኪ ነው» ብሎ ማሳደር አይሆንም። እርሳስ ራሱ መርዝ ስለሆነ ከመብላትና ልጅ ከማቀፍ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ስለ ሕጉ በአጭሩ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በጥቁር ባሩድ ወይም በተተኪው ብቻ የሚሠራ፣ ባለ ቀለህ ጥይት የማይቀበል አፈሙዝ ጎራሽ ጠመንጃ በአብዛኛው እንደ ጥንታዊ መሣሪያ ይቆጠራል፤ ሲገዛም እንደ ሌላው ጠመንጃ የፌዴራል የገዢ ማጣሪያ አይጠየቅበትም። ይህ ግን የፌዴራሉ ነው። ኒው ጀርሲን የመሰሉ ግዛቶች እንደ ማንኛውም ጠመንጃ ያዩታል። ዜግነት ያላገኘ ሰው ከመግዛቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢጠይቅ መልካም ነው፤ በጦር መሣሪያ ወንጀል መቀጣት ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እንኳ ከአገር ሊያስወጣ ይችላል። ባሩድና ካፕ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ በአውሮፕላን አይሄዱም። ለኢትዮጵያ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ እዚያ የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው።

ለአደን የሚያስብ ሰው የግዛቱን የዓመቱን ደንብ ያንብብ። ልዩነቱ ሰፊ ነው፦ ፔንሲልቬኒያ ከፈረንጆቹ ገና ማግስት የሚጀምር፣ ባለ ባልጩት ጠመንጃ ብቻ የሚፈቀድበት የአጋዘን ወቅት አላት፤ ኮሎራዶ በአፈሙዝ ጎራሽ ወቅቷ መነጽርም ሆነ በእንክብል የተጨመቀ ባሩድ አትፈቅድም።

የመጀመሪያውን ቀን ብቻችሁን አትሂዱ። በአካባቢያችሁ ያለ ክበብ ፈልጉ፤ በዚህ ስፖርት ያሉት አብዛኞቹ ለአዲስ ሰው ጠመንጃቸውን የሚያውሱ፣ ጊዜያቸውን የማይሰስቱ ናቸው። ዒላማው በ25 ያርድ ይሁን። በ50 ግሬን አምስት ጥይት ተኩሱ፤ በየመካከሉ ቧንቧውን ጥረጉ። አምስቱ ወረቀቱ ላይ የተሰበሰቡ ከሆነ፣ ከመሀል ቢርቁም እንኳ፣ አጎራረሳችሁ ትክክል ነው፤ ማነጣጠሪያው ይስተካከላል። ከተበተኑ ሌላ ነገር ሳትነኩ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፦ መጀመሪያ የጨርቁን ውፍረት፣ ካልሆነ ስፍሩን በ5 ግሬን፣ ከአምራቹ ወሰን ሳታልፉ። የተተኮሰውን ጨርቅ ከመሬት አንሥታችሁ እዩት። ጠርዙ ጥቂት ተነጣጥሎ መሀሉ ደህና ከሆነ ልኩ ነው፤ የተቃጠለ ወይም የተቀደደ ከሆነ ጨርቁ ሳስቷል፣ ወይም ቅባቱ አንሷል።

ያገኛችሁትን ስፍር፣ የጨርቁን ውፍረትና የቅባቱን ዓይነት ደብተር ላይ ጻፉት፤ የሌላ ሰው ጠመንጃ ሌላ ስፍር ይወዳልና የእናንተው የሚወደው የሚገኘው እዚያ ደብተር ላይ ነው።